ሁለት ቡናማ

ሰሞኑን ጎረቤቴ ለምስክርነት ጠራኝ። ጉዳዩ ምንጣፍ ነው። ከመርካቶ በሜትር አስቆርጦ ያመጣው የቱርክ ምንጣፍ ሳሎኑን ሙሉ በሙሉ አልሸፍን ስላለው፣ አንጣፊው በመስኮቱ በኩል የቀረችውን ጥግ ከትርፉ ቆርጦ ሞልቶለት ሄዷል። ማታ መብራት ሲበራ ታዲያ ያቺ ጥግ ጠቁራ ታየች። ሲነጋም እንደጠቆረች ናት። ጠዋት በሬን ሲያንኳኳ የጎረቤቴ ፊት የተታለለ ሰው ፊት ነበር።

«መምህር፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ። እስቲ ፈጣሪ ያሳይህ፣ ይኼ አንድ ቀለም ነው?»

አየሁት። አንድ አይደለም። ሁለት ነው ብዬ መሰከርኩ። ባለሱቁ ተደውሎለት ከመርካቶ ቀራንዮ ድረስ መጣ። ወጣት ነው፤ አልማለም፣ አልተቆጣም። ጫማውን አውልቆ ገባና ቁራጯን አንስቶ አዞራት፤ በራስጌ የነበረው ወደ ግርጌ ሆነ። ያን ጊዜ ጥጓ ከቀረው ምንጣፍ ጋር ገጠመች፤ ሁለት ቀለም ነው ያልኩት አንድ ቀለም ሆኖ ቁጭ አለ። «ፀጉሩ እኮ የሚተኛበት አቅጣጫ አለው» አለን፣ እንደ በግ ጀርባ በመዳፉ ወዲያና ወዲህ እያሻሸ። ፀጉሩ ከእኛ ሸሽቶ ሲተኛ ጎኑን ስለምናየው ይነጣል፤ ወደ እኛ ሲመጣ ደግሞ ብርሃኑን ስለሚውጠው ይጠቁራል። አንጣፊው ጨርቅ ለመቆጠብ ብሎ ቁራጯን ገልብጧት ኖሯል። ሳቅን፣ ቡና ተፈላ፣ እኔም በሐሰት የመሰከርኩ ሽማግሌ ሆኜ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ቤቴ ስገባ ግን ዓይኔ ሄዶ ያረፈው የራሴ ስጋጃ ላይ ነው። እሱም ሁለት ቀለም አለው። የእሱ ግን ቢያዞሩት ባያዞሩት አይስተካከልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1996 ዓ.ም. ገና አስተማሪ ሳለሁ፣ እዚሁ ቀራንዮ፣ ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ በኪራይ ቤት የሚኖሩ አንዲት ስጋጃ ሠሪ ነበሩ። ሙያውን የተማሩት ደብረ ብርሃን ነው። በዚያ በኩል ያለፈ ሰው ያውቀዋል፤ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ያለችው ያቺ ብርዳም ከተማ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ብቻ ሳይሆን በእጅ በሚቋጠር የሱፍ ስጋጃዋም ትታወቃለች። ሱፉ የመንዝ በግ ነው። የመንዝ ሰው በዚሁ ሱፍ ባናውን ሠርቶ ያንን ቁር ችሎበታል። ስጋጃው ላይም ብዙ ጊዜ ቀለም የሚባል ነገር አይነካውም፤ ነጩ የነጭ በግ ነው፣ ጥቁሩ የጥቁር በግ፣ ቡናማው የቡናማ።

እኔ ያዘዝኩት ቡናማ መደብ ያለው፣ መሐሉ ላይ ነጭ መስቀል፣ ዳር ዳሩን ጥቁር ሐረግ የዞረበት ስጋጃ ነበር። ዋጋው 900 ብር። ሴትዮዋ 500 ብር ቀብድ ጠየቁኝ። እኔ 300 ሰጠሁ። ለምን እንደሆነ አስታውሳለሁ፤ ቤቱ ኪራይ ነው፣ ገንዘቡን ይዘው ቢጠፉስ ብዬ ነው። በሁለት ወር ይደርሳል የተባለው በአራት ወሩ ደረሰ። ሲዘረጋ ደግሞ ከግርጌው እስከ ሁለት ሦስተኛው ድረስ እንደ ተቆላ ቡና የጠለቀው መደብ፣ ከዚያ በላይ ድንገት ደብዘዝ ብሎ ግራጫ ወደቀላቀለ ሌላ ቡናማ ይገባል። ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ መስመር። መስቀሉ አንገቱ ላይ በዚያ መስመር የተቆረጠ መሰለኝ።

ተናደድኩ። ጣቴን መስመሩ ላይ ቀስሬ፣ የተስማማነው ለአንድ ቡናማ ነው አልኩ። ከዋጋው ላይ 200 ብር ቀነስኩ። ሴትዮዋ አልተከራከሩም። «እንደወደዱ» ብለው 400 ብሯን ቆጥረው ተቀበሉ። እኔም ፍትሕ ያስገኘሁ መስሎኝ ስጋጃዬን በጫንቃዬ ተሸክሜ ወጣሁ።

አምስት ዓመት አለፈ። በ2001 ዓ.ም. ይመስለኛል፣ ዕድሜውን ጀርመን አገር የጨረሰ አንድ ወዳጄ ቤቴ ለምሳ መጣ። ገና እጁን ሳይታጠብ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ጸሎት መስሎኝ ነበር። የስጋጃውን ጥግ ገልብጦ ጀርባውን አየ፣ ፀጉሩን በሁለት አውራ ጣቱ ፈልቅቆ ሥሩን አየ፣ ከዚያ ያንን የተረገመ መስመር በመዳፉ ደባበሰና «አብራሽ!» አለ። ሰው ስም የጠራ እንጂ ስጋጃ ያደነቀ አልመሰለኝም።

ቃሉ መነሻው ዐረብኛ ነው፤ ዥንጉርጉር፣ ነቁጥ ነቁጥ ያለበት ማለት ሲሆን ለፈረስ መልክም ይነገራል። የጥንት የቱርክ ስጋጃ ወዳጆች ግን በአንድ መደብ ውስጥ እንዲህ በአግድሙ የሚለዋወጠውን ቀለም ይጠሩበታል። (እኛ ለከብቱና ለፈረሱ ዳለቻ፣ ወይኖ፣ ቡሬ፣ ዳማ፣ ቦራ የሚል የስም ጎተራ እያለን ለስጋጃው «ቡናማ» ብለን ማለፋችን ያሳዝነኛል።) ወዳጄ ያን ቀን ያስተማረኝንና በኋላ እኔ ራሴ ያነበብኩትን አንድ ላይ ልንገራችሁ።

ስጋጃ ከታች ወደ ላይ ነው የሚሠራው። ድሩ ተወጥሮ ይቆማል፤ ሠሪዋ ከዳር ተነስታ እስከ ዳር አንድ ረድፍ ትቋጥራለች፣ ማግ ታሳልፋለች፣ በጥርሳም መምቻ ትጠቀጥቃለች፣ ቀጣዩን ረድፍ ትጀምራለች። ስለዚህ በእጇ ያለው ክር አልቆ ሌላ ክር ስትጀምር ልዩነቱ በቀጥታ መስመር ይታያል። በአናቶሊያ መንደሮች ሱፉ የሚነከረው በትንንሽ ድስት ነበር። ቀዩ ማደር ከሚባል ተክል ሥር፣ ሰማያዊው ከኢንዲጎ፣ ቡናማው ከዋልነት ልጣጭ። ሁለተኛው ድስት እንደ መጀመሪያው አይወጣም፤ ውኃው ይለያል፣ ሥሩ የተቆፈረበት ዓመት ይለያል፣ እሳቱ ይለያል። ከበጉ ትከሻና ከጭኑ የተሸለተው ሱፍ እንኳ ቀለም እኩል አይጠጣም። ጠበቅ ተደርጎ የተፈተለው ክር ነጣ፣ ላላ ብሎ የተፈተለው ጠለቅ ይላል። በእጅ የሚፈትል ሰው ደግሞ ጠዋትና ማታ እኩል አይፈትልም።

ይኼ ከፀሐይ ንጣት የተለየ ነገር ነው። መለያውም ወዳጄ በአውራ ጣቱ ያደረገው ነው፤ ፀጉሩን ፈልቅቀህ ሥሩ ደማቅ፣ ጫፉ የገረጣ ከሆነ ፀሐይ በልታዋለች ማለት ነው። ከጫፍ እስከ ቋጠሮው አንድ ከሆነና ልዩነቱ ረድፍ ተከትሎ የሚሄድ ከሆነ ግን የክሩ የራሱ ነው። ሌላም አለ። ጥንት አረንጓዴ የሚገኘው ሰማያዊ ክር ቢጫ ውስጥ ተነክሮ ስለሆነ፣ በዘመን ብዛት ቢጫው ሲለቅ ቅጠሉ ሁሉ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። በብረት የጠቆረ ሱፍ ደግሞ እየተበላ ያልቃል፤ በአሮጌ ስጋጃ ላይ ጥቁሩና ጥቁር ቡናማው መስመር ከሌላው ዝቅ ብሎ የሚገኘው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1856 ዊልያም ፐርኪን የተባለ የ18 ዓመት እንግሊዛዊ ልጅ ኪኒን ለመሥራት ሲታገል ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ወይን ጠጅ ቀለም አገኘ። ወባ መድኃኒቷን ትጠብቅ ብሎ ቀለም ነጋዴ ሆነ። ከዚያ በኋላ በተከተሉት ዐሥርት ዓመታት የፋብሪካ ቀለም እስከ አናቶሊያ መንደር ገባ። ቶሎ ይነክራል፣ ርካሽ ነው፣ ወጥ ነው። ከቀደምቶቹ አንዳንዱ ግን ጉድ ሠራ፤ ፉክሲን የሚሉት ዛሬ ከስጋጃው ፊት ግራጫ ሆኖ፣ ሲገለብጡት ጀርባው ላይ ገና እንደ ጉድ ደምቆ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1981 ሐራልድ ቡመር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ከማርማራ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ዶባግ በተባለ ፕሮጀክት በምዕራብ ቱርክ መንደሮች የሥሩንና የቅጠሉን ቀለም እንዲመለስ አደረገ። ከቀለሙ ጋር አብራሹም ተመለሰ። ገዢውም ወደደው። ታዲያ ነጋዴ ነጋዴ ነውና፣ ሆን ብለው ክር እያቀያየሩ አብራሽ «የሚያመርቱ» ፋብሪካዎችም ተፈጠሩ። ቀለም እኩል ስላልሆነ ዋጋ የሚቀነስበት ዘመን አልፎ፣ እኩል ያልሆነ ለማስመሰል የሚደከምበት ዘመን መጣ።

ይኼን ሁሉ ከሰማሁ በኋላ እንዴት እንደኮራሁ ልነግራችሁ አፍራለሁ። እንግዳ በመጣ ቁጥር መስመሩን ማሳየት ጀመርኩ። አብራሽ፣ አብራሽ እያልኩ! ጠረጴዛውን መስመሩ ላይ አድርጌ ደብቄው የነበርኩት ሰውዬ፣ አሁን እንዲታይ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ አስጠጋሁት።

የሆዴን ልንገራችሁ፤ ይበልጥ ያሳፈረኝ ሌላ ነው። ለዓመታት ተማሪዎቼን የብራና መጻሕፍት ስለሚነበቡበት መንገድ ሳስተምር፣ ገጹ መሐል ላይ ጥቁሩ ቀለም ድንገት ቢፈዝ እንዳታልፉት እላቸው ነበር። ጸሐፊው በጥላሸት የበጠበጠው ቀለም አልቆበት አዲስ በጥብጧል፣ ወይም ብርዑን ቀርጿል፣ ወይም ሌላ እጅ ተተክቷል፤ እዚያ ቦታ ላይ አንድ ነገር ሆኗልና ጠይቁ እላለሁ። አንድ የፈዘዘ መስመር ይዤ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ጨርሻለሁ። ለሞተ ጸሐፊ ይኼን ሁሉ ጥያቄ የማቀርብ ሰው፣ ከፊቴ ለቆመች ሕያው ሠሪ አንዲት ጥያቄ አላቀረብኩም። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ለሆነው የምናሳየው ትዕግሥት ዛሬ ጠዋት ለሆነው ከየት ይምጣ?

ስለዚህ ሄድኩ። ሴትዮዋ ከዚያው ግቢ አልወጡም ነበር። ሌላ ስጋጃ ተወጥሯል፤ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ይቋጥራሉ።

«እትዬ፣ ደህና ሰነበቱ? ያቺ ስጋጃ ላይ ጉድለት ነው ያልኩት መስመር ጉድለት አይደለም ለካ» ብዬ የአናቶሊያን ታሪክ ከነኬሚስቱ ተረኩላቸው።

እጃቸውን ሳያቆሙ ሰሙኝ። ሲጨርሱ አንዴ ዞር አሉና፦

«ጉድለትማ ነው» አሉኝ።

«እንዴት?»

«እኔ አይቼዋለሁ እኮ መምህር። ስሠራው ነው ያየሁት። ቢቸግረኝ አያዩት ይሆናል ብዬ ነው የጨረስኩት።»

አንደበቴ ተሳሰረ። ይቅርታ ልጠይቅ የሄድኩት ሰው ተመልሼ ባለእውነት ልሆን ነው። ግን ወሬው አላበቃም።

«ሱፉ ከአንድ ቦታ በአንድ ቀን ካልተገዛ እንዲህ ይሆናል። የመንዝ ጥቁር በግ እንኳ ፀሐይ የመታው ጫፉ ቡናማ ነው፣ ሥሩ ጥቁር። አንዱን ከአንዱ ደባልቄ አንድ ላይ ካልፈተልኩት አንድ አይሆንም። ለዚህ ነው አምስት መቶ ያልኩዎ። ሦስት መቶ ሰጡኝ። የሦስት መቶውን ገዛሁ፣ ሠራሁ፣ አለቀ። ከዚያ ዕቁቤ እስኪወጣልኝ ሁለት ወር ቆየሁ። ስመለስ ያ ሱፍ የለም።»

መስመሩ ለካ የእኔ ቀብድ ያለቀበት ቦታ ነው። የዘገየውም ሁለት ወር የእኔ ነው። ለራሴ ጥርጣሬ ሴትዮዋን 200 ብር ቀጣሁ፤ በኋላ ደግሞ ያንኑ ጥርጣሬዬን ጥበብ ብዬ ለእንግዳ አስጎበኘሁ።

«ለምን ያን ጊዜ አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«መቼ ጠየቁኝ? ጣትዎን ነው የቀሰሩት።»

እዚህ ላይ አንባቢዬ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለመፍረድ አትቸኩሉ። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ ስፈርድና ስሽር ነው የኖርኩት። ውላችን ለአንድ ቡናማ ነበር፤ ያገኘሁት ሁለት ነው። ሠሪዋም ጉድለት ነው ብለዋል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? እንዲያውም ሙያ አክባሪ ማለት እንዲህ ነው። ጉድለት ሁሉ ውበት ነው የሚል ሰው ሠሪን የሚያከብር ይመስለዋል እንጂ አያከብርም፤ አንድ ወጥ መደብ ለማውጣት የሚደረገውን ልፋት ከምንም አልቆጠረውምና። ተማሪዎቼ የተዝረከረከ ድርሰት ይዘው መጥተው «ስታይሌ ነው» ሲሉኝ እንዴት እንደምሆን እነሱ ያውቃሉ።

በምሥራቁ ዓለም ስጋጃ ሠሪዎች ፍጹም እግዚአብሔር ብቻ ነው ብለው ሆን ብለው አንድ ስህተት ይተዋሉ የሚል ወሬ አለ። ባለሱቆች ይወዱታል። እኔ አላምንበትም። ስህተት ልጨምርበት ብሎ ማሰብ ካልጨመርኩ ፍጹም ይሆንብኛል ብሎ መስጋት ነው፤ የትሕትና ተቃራኒ። የቀራንዮዋን ሠሪ እንዲህ ያለ ሥጋት አይነካቸውም። የእሳቸው ሥጋት የቤት ኪራይ ነው።

ታዲያ ያ የጥንት የቱርክ ስጋጃ ላይ ያለው አብራሽስ? እሱም አንድ ቦታ ላይ አንድ ነገር ያጠረበት ምልክት ነው። ሥሩ ያጠረበት፣ ሱፉ ያጠረበት፣ መንገደኛ ዘላን ሆነው ድስቱን ጥለውት የሄዱበት። ማጠሩ የደረሰባት ሴት አልፋለች፤ ስሟንም አናውቅም። እሷ ስለሌለች መስመሩ ለእኛ መልክ ብቻ ሆኖ ቀረ። ዘመን የሚያደርገው አንዱ ነገር ይኼ ይመስለኛል፤ ዕዳውን ያነሳና ቀለሙን ይተዋል። ከ150 ዓመት በኋላ የእኔን ስጋጃ የሚያይ ሰው ስለ ቀብዱ ሳያውቅ ቢያደንቅ አልቀየመውም። እኔ ግን አውቃለሁ። ቀብዱን የሰጠሁት ሰው በሕይወት እያለሁ፣ ሠሪዋም እያሉ፣ «እንዴት ያምራል» ስል አፌ ላይ የሚቀር ነገር አለ።

ይኼ የስጋጃ ብቻ ነገር ቢሆን ኖሮ አላደክማችሁም ነበር። ከገጠር አሮጌ መስቀል፣ አሮጌ መጽሐፍ፣ የተጠገነ ገበታ «አርጅቷል፣ ተሰንጥቋል» እየተባለ በርካሽ ይገዛል። ከተማ ሲደርስ ያው ስንጥቅ የዋጋው ምክንያት ይሆናል። ስንጥቁ በመንገድ አልተለወጠም። የተለወጠው ስለ ስንጥቁ የሚናገረው ሰው ነው፤ ሲገዛ ጉድለት፣ ሲሸጥ ቅርስ። እኔም ለራሴ ያደረግኩት ይኸንኑ ነው፤ ስገዛ ጉድለት አልኩት፣ ሳሳይ አብራሽ።

ወደ ሴትዮዋ ልመለስ። ኪሴ ውስጥ ያዘጋጀሁት 500 ብር ነበር። አምስት ዓመት አልፏል፣ ብሩም እንደ ድሮው አይደለም፣ በዚያ ላይ ነውሬ አለበት ብዬ አስልቼ ነው። አወጣሁና ዘረጋሁላቸው። ቆጠሩት። ሁለቱን መቶ ነጥለው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩና ሦስቱን መለሱልኝ።

«ይኼ ምንድን ነው መምህር?»

«ያው፣ ነገሩ ያምራል ስላሉኝ... ለዚያ ነው።»

«ለእሱ ሌላ ሰው ይክፈሉ። እኔ የሸጥኩልዎ ስጋጃ ነው፤ ዘጠኝ መቶ ብር። አሁን ሞላ።»

ከዚያ የተወጠረውን ስጋጃ አሳዩኝ። መደቡ ነጭ ነው፣ ከታች እስከ ላይ አንድ ወጥ። የሚያሠራቸው ሰው ሙሉውን ገንዘብ አስቀድሞ ሰጥቷቸው ሱፉን በአንድ ቀን ገዝተውታል። በእጃቸው ዳበስ አደረጉት። ስለ አብራሽ ሳወራላቸው ያላየሁትን ፈገግታ ያን ጊዜ አየሁት።

ዛሬ በዚያ ቦታ ያ ግቢ የለም፤ ፎቅ ቆሞበታል። ሴትዮዋ ልጃቸው ጋ ሄዱ ነው የሚባለው። ስጋጃው ግን እኔ ጋ አለ፤ ጠረጴዛውንም ወደ ቦታው መልሼዋለሁ፣ ግማሹ መስመር ይታያል፣ ግማሹ አይታይም።

ያ የጎረቤቴ ጉባኤ በተበተነ በማግሥቱ ታዲያ ሰውዬው የቡና ስኒዬን ሊመልስ መጣና ደጃፉ ላይ እንደቆመ ዓይኑን ወደ ወለሉ ጣለ። አሁን እሱም ባለሙያ ሆኗል። ጫማውን አወለቀ፣ ተንበረከከ፣ ፀጉሩን በመዳፉ ወዲያ አሻሸ፣ ወዲህ አሻሸ።

«መምህር፣ ይኼንንም አንጣፊው ገልብጦብህ ነው። እንርዳህና እናዙረው» አለኝ።

«ይኼኛውስ አይዞርም» አልኩት።

«ለምን?»

«ግባና ተቀመጥ» አልኩት፤ «ነገሩ ረዘም ይላል።»